ዘይቱና ቀርታ አታውቅም

በዘጠኝ ዓመቴ አንድ መምህር ከቦታው፣ አንዲት ልጅ ከትምህርቷ አፈናቅዬ ደርዘን ደብተር ተሸልሜአለሁ። ሽልማቱን የተቀበልኩት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ፣ ስድስት መቶ ተማሪ እያጨበጨበልኝ ነው። ያሸለመኝ ጥፋት «እውነት መናገር» ይባላል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ትልቅ ሰው አንዲት ትንሽ ልጅ ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ «እውነቱን ብቻ ንገሪኝ፣ አትፍሪ» ሲል ከሰማሁ ደሜ ይፈላል። የልጅቷን አፍ ይዤ ብሮጥ ደስ ይለኛል።

ሸዋ ሮቢት የወረድነው እናቴ እዚያ ጤና ጣቢያ በነርስነት ስትመደብ ነው። ከደብረ ብርሃን ጋቢ ተከናንበን ተነሳን፤ የጣርማ በርን ዋሻ የእናቴን አንገት አንቄ አለፍኩ፤ ከዚያ ወዲያ በየጠመዝማዛው አንድ አንድ ልብስ እያወለቅን ቆላው ስንደርስ እኔ በካናቴራ ብቻ ቀርቼ ነበር። የአውቶቡሱ ወንበር ጭኔ ላይ ይጣበቃል። አየሩ ሽንኩርትና አቧራ ይሸታል። «ለአንድ ዓመት ነው» ተባብለን አራት ዓመት ቆየን።

የገባሁበት ትምህርት ቤት ከተማው አልቆ ማሽላው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነበር። ተማሪው ግማሹ የአስፋልት ዳር ልጅ፣ ግማሹ የቀወት ገበሬ ልጅ ነው። የሦስተኛ ክፍል ኃላፊያችን መምህር ዘነበ ይባላል። ከጎጃም የመጣ፣ ቀጭን፣ በዚያ ሙቀት እንኳን ኮቱን የማያወልቅ ወጣት ነበር። መነጽሩ እንደ ጠርሙስ ቂጥ ወፍራም ነው፤ አንዱ ጆሮው ተሰብሮ በክር ታስሯል። ልጆቹ «አራት ዓይናው» ይሉታል። እኔ ግን እወደው ነበር፤ ያውም ተራ መውደድ ሳይሆን ዘብ የመቆም ዓይነት መውደድ። ዓይኑ አጥርቶ የማያይ፣ ዓለም በዙሪያው እየተሳለቀበት የማያውቅ ምስኪን ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። አንድ ቀን ጀርባውን ሰጥቶን ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ምላሴን ባወጣ ጊዜ «ሩሐማ፣ ምላስሽን አስገቢ» ያለኝ ከመስኮቱ መስታወት አይቶኝ መሆኑን ልረዳ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን መልአክ ነግሮት ነው አልኩ።

ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ሁለት ካርቶን ሰቅሏል። በአንዱ «እውነት»፣ በሌላው «ደግነት» የሚል በቀይ ቀለም ተጽፏል። ዘወትር ዓርብ በሥነ ምግባር ክፍለ ጊዜ ወደነሱ በማስመሪያ እየጠቆመ ጥማድ በሬዎች መሆናቸውን ይነግረናል፤ አንዱን ፈትታችሁ በአንዱ ልረስ ካላችሁ ትልማችሁ ይጣመማል፣ ሞፈራችሁም ይሰበራል ይላል። የገበሬ ልጆች ይስቃሉ፤ በአንድ በሬ የሚያርስ ሰው ይታያቸዋላ። እኔ የነርስ ልጅ በሬን የማውቀው በቅርጫ መልክ ስለሆነ ምሳሌው ከቁብ አልገባም። አንዱን ካርቶን ብቻ ወሰድኩ። ማን እርሳስ እንደሰረቀ፣ ማን የቤት ሥራ እንደገለበጠ፣ ማን ሽንት ቤት እሄዳለሁ ብሎ ማንጎ ላይ እንደወጣ፣ እጄን አውጥቼ ሪፖርት አደርጋለሁ። መምህር ዘነበ ሁልጊዜ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ «አመሰግናለሁ ሩሐማ፣ ተቀመጪ።» «አመሰግናለሁ»ውን ሰብስቤ ቤት እወስዳለሁ። «ተቀመጪ»ውን እዚያው ጥዬው ነበር የምሄደው።

ከአጠገቤ የምትቀመጠው ዘይቱና ሙሳ ነበረች። እኔ ጣቴን እየቆጠርኩ የምደናበርበትን የማባዛት ሒሳብ እሷ ጣሪያውን አንዴ አይታ ትመልሰዋለች። ጥንቅሽ ይዛልኝ ትመጣለች፤ አገዳውን ከንፈሬ ሳይቆረጥ በጥርሴ እንዴት እንደምልጠው ያስተማረችኝ እሷ ናት። ጥቅምት ሲጋመስ ግን ቦታዋ ባዶ ሆነ።

ጥቅምት ሲጋመስ ማሽላው እሸት ይይዛል፤ ማሽላው እሸት ሲይዝ ደግሞ ግሪሳ ይመጣል። ግሪሳ ድንቢጥ የምታክል ወፍ ናት። አንድ ለአንድ ካየኋት ታሳዝናለች። በብዙ ሺህ ሆና ስትዞር ግን ሰማዩ ላይ ጢስ ትመስላለች፤ ማሳው ላይ ስታርፍ አገዳው ያጎነብሳል፣ ስትነሳ ገበሬው ያጎነብሳል። ስለዚህ በየማሳው መሃል በአራት እንጨት ላይ ማማ ይተከልና ጎህ ሲቀድ አንድ ልጅ ይወጣበታል፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ እየጮኸ፣ ወንጭፍ እየወነጨፈ፣ ጅራፍ እያጮኸ ወፍ ሲያባርር ይውላል። ማሽላው እስኪታጨድ ሳምንታት ይፈጃል። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ደግሞ በማኅተም የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ አሥራ አምስት ቀን በተከታታይ የቀረ ተማሪ ከመዝገብ ይሰረዛል ይላል። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ግሪሳን አያውቃትም፤ ወይም ያውቃታል፣ ግን የሱ ማሽላ አልተበላም።

አንድ ቀን ከግቢው አጥር ሥር ተቀምጬ ሳለ የዘይቱና አባት አባባ ሙሳ አህያቸውን ይዘው ከመምህር ዘነበ ጋር ሲነጋገሩ ሰማሁ። የታላቅ ልጃቸውን ዐረብ አገር መግባት፣ የሚስታቸውን አራስነት፣ ከዘይቱና ሌላ ማማ የሚወጣላቸው አለመኖሩን ነገሩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማሽላው ይታጨድ እንጂ ኢንሻአላህ ትመጣለች። ስሟ እዚያ ካለ ትመጣለች። ስሟ ከተፋቀ ግን መምህር፣ አክስቷ ለቤት ሥራ ኮምቦልቻ ልውሰዳት ብላ ቆማለች። አላህ ያለው ነው ብዬ እሰጣታለሁ።»

«ስሟ ይኖራል» አለ መምህር ዘነበ።

ይኸው ነው የሰማሁት። «ስሟ ይኖራል» ሲባል ደግሞ እስከዚያ ቀን የማውቀው ለቅሶ ቤት ነው። ዘይቱና ልትሞት ነው አልኩ። ቅዳሜ ለእናቴ ሳልነግር ልጠይቃት ሄድኩ።

ሟቿ ማማ ላይ ቆማ ስትጮኽ አገኘኋት። ከሰው ሁሉ በላይ፣ ከማሽላው ራስ በላይ፣ እንደ ንግሥት። ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ትልቅ ሴት ጎርናና ድምፅ አውጥታለች ብዬ ቀናሁ። መዳፏ በወንጭፉ ገመድ ተልጦ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ እኔ ጓንት መስሎኝ እሱንም ተመኘሁት። ወደ ላይ ጎትታ አወጣችኝና በመጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን እንደተማርን ነው። ማካፈል ጀምረናል አልኳት። የማሽላ ፍሬ ፈልፍላ ዘረጋችልኝና አሳዪኝ አለች። አንዱ መንጋ ሄዶ ሌላው እስኪመጣ ባለው ጊዜ፣ አሥር ደቂቃም አይሞላም፣ እኔን ሁለት ሳምንት የፈጀብኝን ነገር ያዘችው።

«ስሜን ይጠራል?» አለችኝ።

«ይጠራል። ሙጂብ ነው አቤት የሚልልሽ።»

እስኪያስላት ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ነገሩ እየከነከነኝ ከርሞ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ጠዋት መምህር ዘነበ ስም ይጠራል። ዘይቱና ሙሳ ጋ ሲደርስ መነጽሩን ያወልቃል። በኮቱ ጫፍ ይጠርገዋል፤ እየጠረገም ፊቱን በመስኮቱ ወደ ኒሙ ዛፍ ያዞራል። በዚህ መሃል ከኋላ ወንበር ሙጂብ፣ የክፍላችን አሿፊ፣ ድምፁን አቅጥኖ «አቤት» ይላል። ክፍሉ ይንሾካሾካል። መምህር ዘነበ መነጽሩን ይመልሳል፣ መዝገቡ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ቀጣዩን ስም ይጠራል። እንግዲህ በየቀኑ፣ በየቀኑ፣ መነጽሩ በዚያች ስም ላይ ብቻ ይቆሽሽ ነበር። ስልሳ ሁለት ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ ያልገባው ተማሪ አንድ ነበር፤ እሱም ከክፍሉ አንደኛ የምወጣው እኔ ነኝ።

እኔ የገባኝ ልጆቹ ዓይነ ደካማ ሰው ላይ እየተሳለቁ መሆኑ ነው። አንድ ጠዋት ላጋልጣቸው እጄን አወጣሁ። መምህር ዘነበ ወደ እኔ ሳያይ ስም በሚጠራበት ሰዓት ጥያቄ እንደሌለ ነገረኝ። እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ወሩ የወባ ነው፤ ጤና ጣቢያው በር ላይ ሰው ተኝቶ ወረፋ ይጠብቃል፤ እሷ ክኒን እያሸገች ነበር። አንድ ሰው ሲታለል ያየ ሰው ምን ማድረግ አለበት ብዬ ጠየቅኳት። ቀና ሳትል የሁልጊዜውን መለሰችልኝ፤ «እውነት ተናግረሽ ከመሸበት እደሪ።» ሐቀኝነቴን እላይዋ ላይ መደፍደፍ አልፈልግም፤ ሴትዮዋ ክኒን እየቆጠረች ነበር። ግን ልጅ የሚያድገው እንዲህ ቀና ሳይባል በተመለሰለት መልስ ነው።

ጌታቸው የሚባል የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘር የመጣው ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ሞተር ብስክሌቱን ኒሙ ሥር አቆመ። ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ ሽቶው ከጠመኔው ሽታ ጋር ይጣላል። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አንድ ክፍለ ጊዜ ካዳመጠ በኋላ መምህር ዘነበን የትምህርት ዕቅዱን ከቢሮ እንዲያመጣ ላከው። በሩ እንደተዘጋ ፊታችን ቆመና ከዚህ ክፍል ውሸት የማያውቅ ማን እንደሆነ ጠየቀን። ስልሳ ጣት ወደ እኔ ተቀሰረ። ግማሹ ጣት ስድብ መሆኑ ያኔ አልታየኝም። ወደ በረንዳው ይዞኝ ወጣ። ቁጢጥ አለ። ካራሜላ ልጦ ሰጠኝ።

«መምህርሽን ትወጂዋለሽ?»

«አዎ።»

«እኔም እወደዋለሁ። ልረዳው ነው የመጣሁት። የሚያስቸግረው ነገር ካለ ንገሪኝ።»

በዚያ ቀን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከተነገረው ሁሉ ጥርት ያለው ውሸት ይህ ነበር፤ የተናገረውም ውሸት ፍለጋ የመጣው ሰውዬ ነው።

ካራሜላውን በጉንጬ ይዤ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። የመምህር ዘነበ ዓይን አጥርቶ እንደማያይ፣ ሙጂብ እንደሚያታልለው፣ ዘይቱና ማማ ላይ እንደሆነች። ከመቼ ጀምሮ ነው የቀረችው ብሎ ጠየቀኝ፤ እሁድና ቅዳሜን ቀንሼ፣ እንዳልሳሳት ሁለቴ ቆጥሬ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን አልኩት። ጻፈው። የጻፈበት ፍጥነት ደስ አለኝ፤ ቁም ነገር ተናግሬአለሁ ማለት ነው።

«በጣም ጎበዝ። ሌላ የምትነግሪኝ አለ?»

«አዎ። አዲስ መነጽር ግዙለት።»

ሰውዬው ሳቀ። ዕድሜ ልኬን የማልረሳው ሳቅ ነው፤ ከልቡ ነበር የሳቀው።

ሰውዬው ለምን እንደመጣ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ፣ እናቴ ስትነግረኝ ነው። መምህር ዘነበ የዚያን ዓመት መስከረም ላይ በአንድ ስብሰባ ተነስቶ፣ ቆላው ትምህርቱን በማሽላ ወቅት ለሦስት ሳምንት ዘግቶ ክረምት ላይ ቢተካው አንድም ልጅ አይጠፋም ብሎ ነበር። በዚህ ቢያበቃ ጥሩ። ቀጥሎ፣ በየዓመቱ «ያቋረጠ ተማሪ የለም» እየተባለ የሚላከው ሪፖርት ማንን ለማስደሰት እንደሚጻፍ ጠየቀ። ሪፖርቱን የሚጽፈው ጌታቸው ነው። እና ጌታቸው ኅዳር ላይ ሞተሩን አስነስቶ መጣ፤ መረጃ ፍለጋ፣ በካራሜላ።

እሱ በመጣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት መምህር ዘነበ እንደወትሮው መዝገቡን ገለጠ። ዘካርያስ ተጠራ፤ ከዘካርያስ ቀጥሎ ዘይቱና ናት። መነጽሩን አላወለቀም። የሚቀጥለውን ስም ጠራ። ከኋላ ሙጂብ በልማድ «አቤት» አለ። ማንም ያልጠራው አቤት ክፍሉ መሃል ቀረ።

«ቲቸር፣ ዘይቱናን ዘለሏት» አለ ሙጂብ።

«ተሰርዛለች።»

ሙጂብ ቆመ። ያ ቀልደኛ ልጅ ፊቱ እንዲያ ሲሆን ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁትም። ማን ተናገረ አለ። ስልሳ ራስ ወደ እኔ ዞረ፤ ወደ ማን ይዞራል ታዲያ።

«እኔ ነኝ የተናገርኩት» አለ መምህር ዘነበ። «ሱፐርቫይዘሩ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ደብተር አውጡ።»

ያኔ የተሰማኝን ልናገር፤ ተናደድኩ። «እውነት» የሚለው ካርቶን ሥር ቆሞ ዋሸ! ያውም የኔን እውነት ቀማኝ፤ የቆጠርኩት እኔ፣ የተናገርኩት እኔ፣ ምስጋናው ለሱ። እጄን አወጣሁ። ላርመው። ሳልጠራ ቆምኩና «ቲቸር፣ እኔ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ሩሐማ፣ እጅሽን አውርጂ። ተቀመጪ።»

እንደዚያ ቀን ተቆጥቶኝ አያውቅም። ተቀመጥኩ። ዘብ የቆምኩለት ሰው ሌባ ሆነብኝ፤ ምሳ ሰዓት እያለቀስኩ እናቴ ጋ ሮጥኩ።

እናቴ አቋርጣኝ አታውቅም፤ ያን ቀንም እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ስጨርስ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። የጠየቀኝን ሰው ስምና ምን እንደሰጠኝ ጠየቀችኝ። ካራሜላ አልኳት። ከዚያ ሁለቱንም ትከሻዬን ይዛ፣ ይህን ነገር ለማንም፣ ለልጆቹም፣ ለዘይቱና ቤትም፣ መቼም እንዳልናገር አስማለችኝ። እውነት ተናግረሽ ከመሸበት እደሪ ያለችኝ ሴት ናት። ከመሸበትማ አደርኩ፤ የመሸባት ግን ዘይቱና ናት። እናቴን አልከሳትም፤ ልጇ በድንጋይ እንዳትወገር ፈርታ ነው። ደግሞ እከሳታለሁ። ሁለቱንም በአንድ ቀን አደርጋለሁ።

መምህር ዘነበ «መዝገብ በማጭበርበር» ተብሎ በሁለት ሳምንት ውስጥ መኪና ወደማይገባበት ተራራ ላይ ተዛወረ። በኛ ትምህርት ቤት ወግ መምህር ሲለቅ ተማሪው ፍራሹንና ሣጥኑን ተሸክሞ እየዘፈነ መነኻሪያ ድረስ ይሸኛል። እሱን የሸኘው ሰው የለም። ሙጂብና ጓደኞቹ መንገድ ዳር ቆመው ጀርባቸውን ሰጡት። ፍራሹን ጋሪ ላይ አስሮ፣ ሣጥኑን ራሱ ይዞ በቤታችን በር ሲያልፍ በመስኮት አየሁት። እኔም አልወጣሁም። ሌባዬ ነዋ።

ደብተሩ የተሰጠኝ ለግማሽ ዓመቱ መዝጊያ ነው። «የሐቀኝነት አርአያ» ተባልኩ። የሰጠኝ ጌታቸው ነው። የዚያ ዓመት ሪፖርትም እንደወትሮው ያቋረጠ ተማሪ የለም ብሎ ሄደ፤ ዘይቱና ሙሳ «ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የተዛወረች» ተብላ ነው የተጻፈችው። መምህር ዘነበ ያለችውን ልጅ አለች ብሎ ተራራ ላይ ተጣለ፤ ጌታቸው የሌለችበትን ትምህርት ቤት ፈጥሮ አስገባትና ዕድገት አገኘ። ማሽላው ታጨደ። ዘይቱና አልመጣችም።

ያለፈው ኅዳር ከደሴ ስመለስ አውቶቡሱ ለምሳ ጀውሃ ቆመ። የገባሁበት ምግብ ቤት ባለቤት ሳህኑን ስታስቀምጥልኝ ፊቴ ላይ ቀረች። «የሲስተር ልጅ አይደለሽም?» አለችኝ። ያን ጎርናና ድምፅ አወቅሁት። ኮምቦልቻ አክስቷ ቤት ስምንት ዓመት፣ ከዚያ ሪያድ የሰው ቤት ስድስት ዓመት፣ ከዚያ ይህችን ቤት መክፈቷን እንደ ቀልድ አወራችልኝ። ምግብ ቤቱ ውስጥ የታዘዘውን ሁሉ በቃሏ ይዛ፣ አንድ ወረቀት ሳትነካ፣ ለየሾፌሩ ሒሳቡን ትናገራለች። ከዚያ የዚያ የጎጃሜው መምህር ነገር ተነሳ። ያነሳችው እሷ ናት።

«አራት ዓይናው። በስሜ ሲቀልድ ከርሞ ለወረዳ የሸጠኝ። በየሰላቴ ላይ እንዳልረግመው ኢማሙ ከልክለውኝ ነው እንጂ።»

ያስማለችኝ እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ነገርኳት። ካራሜላውን፣ አሥራ ዘጠኙን ቀን፣ «እኔ ነኝ» ማለቱን። ዘይቱና እጇን በጨርቁ እየጠረገች ሰማችኝ። ይቅር ትለኛለች ብዬ ነው መሰለኝ የጠበቅሁት፤ ወይ በጥፊ ትለኛለች ብዬ።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ዘጠኝ።»

«ሰውዬውስ?»

«አርባ ይሆነው ነበር።»

«የአርባ ዓመት ሰው፣ ሁለት የዘጠኝ ዓመት ልጆች እርስ በርስ አባልቶ በላን በይኛ።» ጨርቁን ወረወረችው። «ለኔ ነግረሽ አታመልጭም። ሰውዬውን ቀወት ለቀወት ያሰደበው አባቴ ነው። ለጁምዓ በተሰበሰበ ሰው ሁሉ ፊት ነው ስሙን ያጠፋው። ተነሺ፣ ለሱ ትነግሪዋለሽ።»

አውቶቡሱ ያለእኔ ሄደ። ባጃጅ ይዘን ማሳው ዳር ያለው ቤት ደረስን። አባባ ሙሳ በር ላይ አልጋ አውጥተው ተቀምጠዋል፤ አርጅተዋል፣ ጆሮአቸውም ደክሟል። አጎንብሼ በቀስታ ነገርኳቸው። አልሰሙም። ደገምኩ። አልሰሙም። ዘይቱና ከኋላዬ «ጩኺ» አለችኝ፤ እና በእኩለ ቀን፣ ጎረቤት ሁሉ ከየደጁ ብቅ እያለ፣ በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ጮኽኩ፤ መምህር ዘነበ አልተናገረም፣ የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ እሱ የዋሸው እኔን ልጆቹ እንዳይመቱኝ ነው።

አባባ ሙሳ ሰሙ።

«መጥቶ ነበር እኮ» አሉ።

«ማን?» አለች ዘይቱና።

«መምህሩ። ሊሄድ ሲል። ከሮቢት በእግሩ፣ እንዲህ ባለ ፀሐይ። ወረቀት ይዞ ነበር። ራሳ ማዶ ባለ ትምህርት ቤት ጓደኛዬ አለ፣ ልጅቷን ይቀበላታል፣ ማሽላው እስኪነሳ ይጠብቃታል አለኝ። ልጄን የሸጠ ሰው ወረቀት አልቀበልም አልኩት። ለምን ተናገርክባት ስለው መሬት መሬት ያያል። የዚችን ልጅ ስም አላነሳም።»

«የምን ወረቀት አባባ?» አለች ዘይቱና። «የምን ወረቀት ነው የምትለው?»

ሽማግሌው አልሰሟትም፤ ወይም ሰምተዋታል። የሚያወሩት ለመንገዱ ነበር።

«ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ውሃ ለመነኝ። ውሃ የለም አልኩት። እንስራው እዚህ ከበሩ ኋላ ሞልቶ ቆሟል። እሱም አይቶታል።» አፋቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «እግዜር ይስጥልኝ ብሎኝ ሄደ።»